ነጻ ባለሙያ

ከአማርኛ ቃላት ሁሉ ቅሬታ የማቀርብበት አንድ ቃል ቢኖር «ነጻ» የሚለው ነው። ይህ ቃል በአንድ በኩል ለማንም የማይታዘዘውንና ራሱን ችሎ የቆመውን ሰው ያከብራል፤ በሌላ በኩል ደግሞ ያለ ክፍያ የሚታደለውን ነገር ሁሉ ይጠራል። ሁለቱ ፍቺዎች ሳይነካኩ ለረጅም ዘመን አብረው ኖረው ይሆናል፤ እኔ ግን ሥዕል በመሣልና ዘገባ በመጻፍ የምተዳደር «ነጻ ባለሙያ» መሆኔን ለዘመዶቼ ባስታወቅሁ ዕለት ሁለቱም በአንድነት መጥተው በላዬ ላይ ሰፈሩ። ነገሩን ያባባስኩት ደግሞ ራሴ ነኝ። በወጣትነት ወኔ ተነሣሥቼ «ከእንግዲህ ማንም አይገዛኝም» ብዬ ነበር፤ ገበያውም ቃሌን እንዳለ ተቀብሎ እስካሁን ድረስ አክብሮልኛል።

ዘመዶቼ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ነገር ግን የጥርስ ሐኪም የሆነውን የአክስቴን ልጅ «እስቲ አንዲት ጥርስ በነጻ ንቀልልኝ» ብለው ሲለምኑት ሰምቼ አላውቅም፤ ምክንያታቸውን ብጠይቅ «እሱ እኮ ሥራ ነው» ይሉኛል። የእኔ ግን ሥራ ሳይሆን ተሰጥኦ ነው። ተሰጥኦ ደግሞ፣ ስሙ እንደሚመሰክረው፣ የተሰጠ ነገር ስለሆነ አክስቴ «በነጻ የተሰጠህን በነጻ ስጥ» ስትለኝ መልስ አጣለሁ። ሐኪሙ የጣቶቹን ጽናት ከየት እንዳገኘው ልጠይቃት አስቤ ብዙ ጊዜ ትቼዋለሁ፤ ምክንያቱም ጥርሴን አንድ ቀን ማሳየቴ አይቀርም።

ባለፈው ጊዜ አጎቴ አዲስ ለሚከፍተው የንግድ ድርጅት አርማ እንድሠራለት ፈለገ። አጎቴ የሚያዝዘው በጥያቄ መልክ ነው። «ለአንተ መቼም ይህ ሥራ ሆኖ አይደለም፤ ቁጭ ብለህ ጫር ጫር ማድረግ ነው፤ ስምህም በዚያው ይታወቅልሃል» አለኝ። ከአጠገቤ ተቀምጦ ሰዓቱን እያየ ስለነበር የመጀመሪያውን ንድፍ በ20 ደቂቃ መጨረሴ በኋላ ማስረጃ ሆኖ ቀረበብኝ። ለ20 ደቂቃ ሥራ ምን ይከፈላል? ይህን ጥያቄ ሲያነሣ በዓለም የመጀመሪያው ሰው እንዳልሆነ ልነግረው ስለፈለግሁ የሠዓሊውን የዊስለርን ታሪክ አነሣሁለት።

ጄምስ ዊስለር እ.ኤ.አ. በ1877 በለንደን አንድ የሌሊት ሥዕል ለዕይታ አቀረበ፤ ጨለማ ሰማይ ላይ የተተኮሰ ርችት ሲበታተን የሚያሳይ ሲሆን ዋጋው 200 ጊኒ (ጊኒ የቀድሞ የእንግሊዝ ገንዘብ ነው) ነበር። በዘመኑ እጅግ የተፈራው ሐያሲ ጆን ረስኪን ሥዕሉን አይቶ፣ ይህ ሰው አንድ ጣሳ ቀለም በሕዝብ ፊት ላይ ደፍቶ 200 ጊኒ ይጠይቃል ብሎ ጻፈ። ዊስለር በስም ማጥፋት ከሰሰው። በ1878 ጉዳዩ ሲታይ የረስኪን ጠበቃ ሥዕሉን ለመጨረስ ስንት ጊዜ እንደፈጀበት ጠየቀው፤ ዊስለርም ሁለት ቀን ያህል መሆኑን አመነ። ለሁለት ቀን ድካም ነው 200 ጊኒ የሚጠየቀው? ተብሎ ሲፋጠጥ፣ አይደለም፣ በዕድሜ ልክ ላካበትኩት ዕውቀት ነው ሲል መለሰ። እዚህ ላይ ሁልጊዜ ድምፄ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ አጎቴ ግን «ተፈረደለት?» ብሎ ወደ ፍሬ ነገሩ ገባ። ተፈርዶለታል። የፍርድ ሸንጎው ሠዓሊው መበደሉን አረጋግጦ ካሣውን አንድ ፋርዚንግ፣ ማለትም የአንዲት ፔኒ ሩብ አደረገለት፤ የክርክሩንም ወጪ ስላልተካለት በዓመቱ ከሰረ። አጎቴ ይህን ሲሰማ በሁለት እጁ ጉልበቱን መታና «አየህ? እኔ እኮ ቢያንስ ምሳ እጋብዝሃለሁ» አለኝ። ምሳሌን ከመናገር በፊት እስከ መጨረሻው ማሰብ እንደሚገባ የተማርኩት ያን ቀን ነው፤ ሆኖም መማሬን ሳላረጋግጥ ሌላ ምሳሌ ጨመርኩ።

የቀራፂው የብራንኩሺ የነሐስ ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ1926 ከአውሮፓ ወደ ኒውዮርክ ተጭኖ ሄደ። ስሙ ወፍ መሆኑን ቢናገርም ክንፍም ምንቃርም የለውም፤ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የወጣ አንጸባራቂ ነገር ነው። የአሜሪካ ሕግ የጥበብ ሥራን ከቀረጥ ያስቀር ነበር፤ የጉምሩክ ሹማምንት ግን ወፉን ዙሪያውን መርምረው ከወጥ ቤት ዕቃዎችና ከሆስፒታል መገልገያዎች ምድብ መደቡትና 40 በመቶ ቀረጥ ጣሉበት። (ሹማምንቱን እንዲያው በድፍኑ ልወቅሳቸው አልችልም፤ አክስቴም የእኔን ቅርጻ ቅርጽ ባየች ጊዜ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ክዳኑን መፈለግ ነበር።) ክርክሩ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ባለሙያዎች ወፍ ላባ ሳይኖረው ወፍ ሊባል ይችላል ወይ በሚል መስቀለኛ ጥያቄ ተፋጥጠው፣ በ1928 ዳኞቹ ነገሩ የጥበብ ሥራ ነው ሲሉ ወሰኑ። እንግዲህ በዚህ ሁሉ ሙግት ጥበቡ ያተረፈውን ማዕረግ ልብ በሉ፤ «ነጻ» ተባለ። ከቀረጥ ነጻ!

የጋዜጠኝነቴ ነገር ደግሞ የባሰ ነው፤ እዚህ ላይም ቋንቋው አላገዘኝም። አማርኛ ባለሙያውንም ባለጌውንም በዚያው በ«ኛ» ስለሚቀጥል፣ አክስቴ ጋዜጠኛን የምታስታውሰው ከወረኛና ከነገረኛ ጋር በአንድ ረድፍ ነው። ይሁን እንጂ በስልኳ የሚደርሳትን ማናቸውንም ነገር፣ አንድ የታወቀ ሰው ሞተ የሚለውን፣ ሎሚ በሙቅ ውኃ የማይፈውሰው በሽታ የለም የሚለውን፣ ነገ ጨረቃ አረንጓዴ ትሆናለች የሚለውን ሁሉ፣ መጀመሪያ ለ30 ሰው አዳርሳ ስታበቃ ወደ እኔ ደውላ «አንተ መቼም ጋዜጠኛ ነህ፤ እውነት ነው?» ትለኛለች። እኔም ምንጩን እፈልጋለሁ፤ ፎቶው ከየት እንደተወሰደና ከዚህ በፊት የት እንደወጣ አያለሁ፤ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ስልኩን እስኪያነሣ እጠብቃለሁ። በመጨረሻ «አክስቴ፣ ሐሰት ነው» ስላት ቅር ይላታል፤ ሰውየው ባለመሞቱ ሳይሆን፣ እኔ ግማሽ ቀን ሙሉ ደክሜ ባዶ እጄን በመመለሴ።

ለነገሩ ጋዜጦቹም እንደ አክስቴ ናቸው። ነጻ ጸሐፊ የሚከፈለው በታተመው ጽሑፍ ልክ ነው። ስለዚህ አንድን ወሬ ለአንድ ሳምንት ተከታትዬ፣ ሰነዱን ከሰነድ፣ ቃሉን ከቃል አመሳክሬ መሠረት የሌለው ሆኖ ባገኘው፣ አንባቢን ከውሸት አድኜ የማገኘው ክፍያ ዜሮ ነው፤ ሳልመረምረው ብጽፈው ግን ሙሉ ክፍያ አገኝ ነበር። ይህ የሒሳብ አሠራር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ኒውዮርክ ውስጥ ሌሎች ጋዜጦች 6 ሳንቲም በሚሸጡበት ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1833 በ1 ሳንቲም መሸጥ የጀመረ «ፀሐይ» የሚባል ጋዜጣ ነበር፤ ያች ሳንቲም ብቻዋን ስለማትበቃ ቀሪውን ወጪ የሚሸፍነው ማስታወቂያ አስነጋሪው ነበር፤ አስነጋሪው ደግሞ የሚከፍለው ለዓይን ብዛት ነው። ዓይን በብዛት የሚሰበሰበው እንዴት ነው? በ1835 ይኸው ጋዜጣ በጨረቃ ላይ እንደ ሌሊት ወፍ ክንፍ ያላቸው ሰዎች በቴሌስኮፕ መታየታቸውን በተከታታይ ጽሑፍ አበሠረ። ያን ጊዜ አንድ ምስኪን ዘጋቢ ነገሩን ላጣራ ብሎ ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ፣ ውጤቱ አንድ ያልታተመ ገጽና አንድ ያልተከፈለው ሰው ነበር። አረንጓዴዋ የአክስቴ ጨረቃም የዚያችው ቤተሰብ ሳትሆን አትቀርም።

አጎቴ በበኩሉ ስለ ጥበብ ዋጋ ክርክር በተነሣ ቁጥር የሚመዝዘው አንድ ሰይፍ አለው፤ እሱም ሙዙ ነው። ጣሊያናዊው ማውሪዚዮ ካቴላን እ.ኤ.አ. በ2019 በማያሚ አንድ ሙዝ በፕላስተር ግድግዳ ላይ ለጥፎ በ120,000 ዶላር ሸጠ፤ በ2024 ደግሞ የዚያው ሥራ አንዱ ቅጂ በኒውዮርክ ጨረታ 6.2 ሚሊዮን ዶላር አወጣ፤ ገዢውም ከቀናት በኋላ በጋዜጠኞች ፊት ላጠና በላው። «እናንተ ጥበብ የምትሉት ይህንን ነው!» ይላል አጎቴ፤ ይህን ሲል ደግሞ የተናደደው በሙዙ ይሁን ሐሳቡ ለእሱ ቀድሞ ባለመምጣቱ ለይቼ አላውቅም። እኔ ሙዙን አልከላከልለትም። እንዲያውም በዚያ ታሪክ ውስጥ ከሙዙ ይልቅ እኔን የያዘኝ በኋላ የሆነው ነው፤ ጨረታው አልቆ፣ ዓለም በዋጋው ስቆ ሲያበቃ፣ አንድ የኒውዮርክ ጋዜጣ ሙዙ ከማን እንደተገዛ ለማወቅ ዘጋቢ ላከ። ሻጩ ከጨረታው ቤት ደጃፍ ላይ ፍራፍሬ የሚሸጡ አዛውንት ሆነው ተገኙ፤ ሙዙን የሸጡት በ35 ሳንቲም ሲሆን ምን እንዳወጣ ሲነገራቸው አለቀሱ። ጨረታውን የታደሙት ሰዎች ሁሉ በዚያ ደጃፍ ገብተው በዚያው ወጥተዋል። ሰውየውን ለማየት ግን ማንም ሳያዘው ወደ ኋላ የሚመለስና «ይህ ሙዝ ከየት መጣ?» የሚል ነገረኛ ያስፈልግ ነበር። ይህን ለአጎቴ ስነግረው ለአፍታ ዝም አለ፤ ከዚያም «ለዘጋቢው ስንት ከፈሉት?» አለኝ።

በዚህ ተስፋ ቆርጬ ሳለሁ ነው ባዶው ግድግዳ ትዝ ያለኝ። ሞናሊዛ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 21 ቀን 1911 ከሉቭር ሙዚየም ስትሰረቅ መጥፋቷ የታወቀው በማግሥቱ ነበር። ጋዜጦች ፎቶዋን በፊት ገጻቸው አተሙ፤ ሙዚየሙ ለአንድ ሳምንት ተዘግቶ ሲከፈት ደግሞ ሕዝቡ ተሰልፎ ገብቶ የተሰቀለችበትን ባዶ ቦታ ትክ ብሎ ይመለከት ጀመር። ሥዕሏ በ1913 ፍሎረንስ ውስጥ እስክትገኝ ድረስ ከሁለት ዓመት በላይ የሌባው ክፍል ውስጥ ነበረች። ዘዴው ግልጽ ነው፤ ዋጋህ እንዲታወቅ ጥፋ። እኔም ጠፋሁ። ለሦስት ሳምንታት የማንንም አርማ አልነካም፣ የማንንም ወሬ አላጣራም ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ፤ ዘመዶቼ ባዶ ግድግዳዬ ፊት ተሰልፈው የሚቆሙበትን ቀንም መጠባበቅ ያዝኩ።

ሰልፍ አልነበረም። መጥፋቴንም ያወቀ ሰው አልነበረም፤ አክስቴ በእነዚያ ሳምንታት ሦስት ሰዎችን ገድላ ሁለቱን ይቅርታ ሳትጠይቅ አስነሥታለች። አጎቴ ደግሞ አርማውን በስልኩ ላይ ባገኘው ሰው ሠራሽ አስተውሎት አሠርቶ 1,000 የስም ካርድ አሳትሞ ጨርሷል። «ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም፤ ያውም በነጻ» አለኝ ካርዱን እየሰጠኝ። አርማው ሁለት እጆች በመተማመን ሲጨባበጡ ያሳያል። እውነቱን ለመናገር ከእኔ ንድፍ ይልቅ ያብረቀርቃል። ነገር ግን አንድ ደንበኛ ካርዱን ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ ካየው በኋላ ሳይዋዋል ሄዷል፤ አጎቴም ምክንያቱን የደረሰበት ሌሊት በአልጋው ላይ ተጋድሞ ጣቶቹን ሲቆጥር ነው። የቀኙ እጅ ስድስት ጣት ነበረው።

«አንዲት ጣት ናት፤ አንተ ታጠፋታለህ» አለኝ።

«አጠፋታለሁ አጎቴ፤ ግን በዚህ ጊዜ በክፍያ ነው።»

«ለመሣል አይደለም እኮ፣ ለማጥፋት ነው! ለማጥፋት ደግሞ ይከፈላል እንዴ?»

ያልታተሙት ወሬዎቼ ሁሉ አንድ በአንድ በፊቴ አለፉ። የምጠይቀውን ዋጋ ነገርኩት፤ አጎቴም እንደ ረስኪን ጠበቃ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ጠየቀኝ፤ አምስት ደቂቃ መሆኑን አልደበቅሁትም። ብዙ ከተከራከርን በኋላ በግማሹ ተስማማን፤ ከፋርዚንግ እንደሚበልጥ ራሴን አጽናንቼ ሥዕሉን በኮምፒውተሬ ላይ ከፈትኩት። ወሬ የማጣራት ልማድ ስላለብኝ ግን ስድስተኛዋን ጣት ከመንካቴ በፊት የግራውንም እጅ ጣቶች ቆጠርኩ፤ አራት ነበሩ።

«አጎቴ፣ ሁለተኛው እጅ ደግሞ አንድ ይጎድለዋል፤ እሱ ለብቻው ይታሰባል» አልኩት።

አጎቴ ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ አንድ፣ ሁለት እያለ በዝግታ ቆጠረና ፊቱ በራ። «እንዲህ ከሆነማ ምን ያጨቃጭቀናል?» አለኝ። «ከዚያኛው ቆርጠህ ለዚህኛው ቀጥለው፤ ሒሳቡ ተቻቻለ።»