በቻቱቻክ ግማሽ ዋጋ ብሎ መጀመር አያዋጣም
በታይላንድ ዋና ከተማ በባንኮክ ስላለው የቻቱቻክ ገበያ የሚያወሳው የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ «ሻጩ ከጠራው ዋጋ ግማሹን ብላችሁ ጀምሩ» ማለታቸው ለእኔ አልተዋጠልኝም። ወንድሜን ለማሳከም በሄድኩበት ጊዜ ሁለት ቅዳሜ እዚያው ስዞር እንዳየሁት፣ ብዙዎቹ ሻጮች ዋጋውን በካርቶን ላይ ጽፈው ስለሚሰቅሉ በግማሽ ለሚጀምር ገዢ የሚሰጡት መልስ ፈገግታና ዝምታ ነው። ዋጋው የሚወርደው በርከት አድርገው ሲገዙ ነው፤ ዝሆን የታተመበትን ስስ ሱሪ አንዱን 150 ባት (የታይላንድ ገንዘብ) ስትል የነበረች ሻጭ፣ ለእህቶቼና ለጎረቤቶቼ 6 እንደምፈልግ ስነግራት ካልኩሌተሯን አንስታ ለአንዱ 100 ጽፋ አሳየችኝ። ከላይ «እመለሳለሁ ብዬ ሱቁን አጣሁት» ላሉት አስተያየት ሰጪ፦ ገበያው በ27 ክፍሎች የተከፋፈለ ስለሆነ የክፍሉንና የመተላለፊያውን ቁጥር በስልክ ፎቶ ማንሳት ይበጃል (እኔም ይህ የገባኝ የሰዓት ማማው ሥር ግማሽ ሰዓት ግራ ተጋብቼ ከቆምኩ በኋላ ነው)። ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሳው ግን የቡድሃ ሐውልት ጉዳይ ነው፤ ከታይላንድ ይዞ ለመውጣት የአገሪቱ የሥነ ጥበብ መምሪያ ፈቃድ ስለሚያስፈልግ፣ ለስጦታ ብሎ የገዛ ሰው ኤርፖርት ላይ ሊወረስበት ይችላል።