እልል በሉለት፣ በነፃ ገባ!

በዚህች ደብረ ብርሃን ቲኬት ቆርጦ ኳስ ማየት ማንም ይችላል። ብር ያለው ሁሉ ይችላል። ብልሃት አይጠይቅ፣ ዘመድ አይጠይቅ፣ ልብ አያስመታ። ጀግናው ሌላ ነው። ጀግናው፣ ቲኬት የሚሸጥባትን ትንሽ መስኮት አይቶ እንዳላየ አልፎ፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ ሰተት ብሎ ወደ በሩ ሄዶ፣ ጥበቃውን "እንዴት ዋሉ ጋሼ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው?" ብሎ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ ቀና ሲል ራሱን ውስጥ የሚያገኘው ነው። ተጫዋቹን ሁሉም ያመሰግናል፣ አሰልጣኙን ሁሉም ይሰድባል። እሱን ግን ያስታወሰው የለም። ዛሬ እኔ ላመስግነው።

ድሃ ነው ብላችሁ እንዳታዝኑለት። የሌለው ሰው አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ቢያይ ማንም አይፈርድበትም፣ እኔም ስለሱ አይደለም የማወራው። የኔ ጀግና ኑሮው ደህና ነው። ከጨዋታ በኋላ ጠባሴ ሄዶ ጥብስ ያዛል፣ ድራፍቱን ይደጋግማል። ሂሳብ ሲመጣ ደግሞ አስተናጋጇን ከሁለት ወገን እየጎተቱ "ኧረ በናትህ እኔ ልክፈል!"፣ "ሞቼ ነው ቆሜ አንተ የምትከፍል!" መባባል ነው። ሸሚዝ እስኪቀደድ ይታገላል። እንደዚህ ያለ ግብግብ በሜዳው በር ላይ ታይቶ አይታወቅም። እዚያ ማንም ማንንም ልክፈልልህ አይልም። ቲኬቱ የአንድ ማኪያቶ ዋጋ ቢሆን እንኳ አይልም።

ጥበቡ ብዙ ዓይነት ነው። የታወቀው በስልክ መግባት ነው። በሩ ጋ ቆሞ፣ ጮክ ብሎ፣ ጥበቃው እንዲሰማ፣ "ሃሎ ኮሚቴ! በር ላይ ነኝ፣ አንድ ሰው ብቻ ነው ይዤ የመጣሁት" ይላል። ያ አንድ ሰው ከኋላው አራት ሆኖ ይቆማል። ኮሚቴው ካነሳ ገባ፣ ካላነሳም ገባ፤ ምክንያቱም ጥበቃው የስልኩን ንግግር ሰምቷል፣ ነገ ደግሞ ኮሚቴው ቢቆጣስ? ከዚህ ቀጥሎ የሥራ ሰው አለ። ይህኛው ክለቡን እያገለገለ ነው የሚገባው። አንዲት እሽግ ውሃ ለአራት ይይዛሉ፣ ቀብር የሚሸኙ ይመስል ቀስ ብለው፣ ፊታቸውን አኮሳትረው፣ "እለፍ፣ እለፍ፣ የቡድኑ ውሃ ነው" እያሉ ያልፋሉ። ውሃውን በር አጠገብ ያስቀምጡታል። ተጫዋቾቹ በጥማት ቢሞቱ የነሱ ጉዳይ ነው።

እኔ ግን ባርኔጣዬን የማነሳው ለባለባጁ ነው። አንገቱ ላይ ባጅ አለ። ባጁ ሁልጊዜ ተገልብጦ ደረቱ ላይ ተለጥፏል፣ የሚታየው ጀርባው ብቻ ነው። አንድ ቀን ነፋስ ገለበጠውና አነበብኩት። ሸዋ ሮቢት የተሰጠ የወባ መከላከል ስልጠና ነው። አስቡት፣ ከባህር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ላይ፣ ትንኝ እራሷ ጋቢ ካልደረበች በማትወጣበት ከተማ፣ ሰውየው የወባ ባጅ አድርጎ የኳስ ሜዳ በር ይሻገራል። ጥበቃው ደግሞ ቆሞ ያሳልፈዋል። ወይ ጉድ! እንዲህ ያለ ጭንቅላት ለአጥቂነት ቢውል ስንት ጎል ይገባ ነበር።

መጨረሻ ላይ ትዕግሥተኛው አለ። እሱ አይለምንም፣ አይዋሽም። ውጭ ሻይ እየጠጣ ይጠብቃል። ወደ ሰባኛው ደቂቃ ገደማ ጥበቃውም ኳሱን ለማየት ይጓጓና በሩን ለቆ ይገባል። ያኔ እሱም ይገባል። ይህ ሰው ሳያውቀው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ሳይመን ሮተንበርግ የሚባል አሜሪካዊ ስለ ቤዝቦል ሲጽፍ፣ ማን እንደሚያሸንፍ ቀድሞ ያልታወቀ ጨዋታ ብዙ ተመልካች እንደሚስብ አስረድቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡት ደግሞ እየቆጠሩ፣ እየለኩ፣ ኧረ የሜዳው ደጋፊ ከእኩል ትግል ይልቅ የራሱን ቡድን ማሸነፍ ነው የሚወደው ብለው ተከራከሩ። የኛ ትዕግሥተኛ ሁለቱንም አስታርቋል። ሻይ ቤት ሆኖ ጩኸቱን ያዳምጣል። እየመራን ከሆነ ይገባል፣ እየተመራን ከሆነ ሌላ ሻይ ያዛል።

እና አንዴ ከገባ በኋላ ሜዳው ውስጥ በጣም የሚጮኸው ማን ይመስላችኋል? ቲኬት የቆረጡት አባባ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዝም ብለው ያያሉ። ጀግናችን ግን ቆሞ ነው። "አሰልጣኙ ይውጣ! ገንዘባችንን ነው የሚበላው!" ገንዘባችን! እኔ ይህን ቃል ስሰማ ሁሌ ዞር ብዬ አየዋለሁ፣ የትኛውን ገንዘብ ነው ብዬ። አባባን ደግሞ "የዋህ ናቸው፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ሲከፍሉ" ብሎ ያዝንላቸዋል።

ለምን አትከፍልም ብላችሁ ብትጠይቁት መልስ አያጣም። ታሪክ ጠቅሶ ይረታችኋል። ይህች ከተማ ስሟን ያገኘችው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከሰማይ ታየ በተባለው ብርሃን ነው አይደል? ያን ብርሃን ለማየት ማን ቲኬት ቆረጠ? ይላል። እኔ መልስ የለኝም። እናንተስ አላችሁ?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ ሰው ሆኖ ታገኙታላችሁ። የከተማችን ቡድን 9 ሰዓት ላይ ይጫወታል እንበል። የእንግሊዝ የቅዳሜ የመጀመሪያ ጨዋታ፣ እነሱ ዘንድ ክረምት ሲሆን፣ በኛ ሰዓት 9፡30 ነው የሚጀምረው። ጀግናችን ዲኤስቲቪ ቤት ነው። ከፍሎ! በሩ ላይ ብር የሚሰበስበው ልጅ የሰፈሩ ልጅ ነው፣ ሲወለድ ገንፎውን በልቷል፣ ግን እዚህ "ታውቀኛለህ" የሚባል ነገር የለም። መግቢያ ይከፍላል፣ ለስላሳ የግድ ነው ሲሉት ይገዛል፣ ወንበር ከሌለም ግድግዳ ተደግፎ ሁለት ሰዓት ይቆማል። ከዚያ በፊት ውርርድ ቤት ጎራ ብሎ፣ ስማቸውን መጥራት ለማይችላቸው የፊንላንድ ክለቦች ብር ከፍሏል። አልከፍልም ያለው ለሚያውቃቸው ልጆች ብቻ ነው።

እዚያው ዲኤስቲቪ ቤት ስለ ቲኬት ዋጋ እንደሱ የሚከራከር የለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የሊቨርፑል ባለቤቶች ለአዲሱ ትሪቡን ውዱን ቲኬት 77 ፓውንድ እናደርጋለን ሲሉ የሆነውን በቃሉ ያውቀዋል። ከሰንደርላንድ ጋር በነበረው ጨዋታ፣ ልክ በ77ኛው ደቂቃ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ደጋፊዎች አንፊልድን ጥለው ወጡ። ሲወጡ ቡድናቸው 2 ለ 0 ይመራ ነበር፣ 2 ለ 2 አለቀ። ባለቤቶቹ በቀናት ውስጥ ይቅርታ ጠይቀው ዋጋውን ተዉት። ፕሪምየር ሊጉም ከቀጣዩ የውድድር ዓመት ጀምሮ ከሜዳው ውጪ ለሚጓዝ ደጋፊ የሚሸጥ ቲኬት ከ30 ፓውንድ እንዳይበልጥ ወሰነ። ይህን ሲተርክ ዓይኑ እንባ ያቀራል። "ሕዝብ ማለት ይሄ ነው! ለመብቱ የሚቆም!" ይላል። ልብ በሉልኝ፣ የሊቨርፑል ሰው ተቆጥቶ የሚወጣበት ደቂቃ እና የኛ ሰው በነፃ የሚገባበት ደቂቃ አንድ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው።

አሁን ወደ ክለቡ ልምጣ። ሜዳው ጭር ሲል አመራሩ ይሰበሰባል። ውይይቱ ሁሌ አንድ ነው፣ "ዋጋ እንቀንስ ወይስ እንጨምር?" እኔ ምለው፣ የማይከፈል ዋጋ ቢቀነስ ማን ያውቃል? ሰው ኳስ ሜዳ የሚሄድ የማይሄደው በቲኬት ብቻ አይደለም። ከደብረ ሲና ጣርማ በርን ወጥቶ ለሚመጣ ልጅ ቲኬቱ ከጉዞው ወጪ ትንሹ ነው፤ ደርሶ መልስ ትራንስፖርት አለ፣ ምሳ አለ፣ ከጨለመ መኪና ማጣት አለ። ኅዳር ላይ ከሰዓት በኋላ የሚነፍሰው ነፋስ አለ፣ መቀመጫው ደግሞ ጣሪያ የለውም፣ ሲሚንቶው ከመቀመጫችሁ ገብቶ በጥርሳችሁ ይወጣል። እህቶቻችን የማይመጡት ኳስ ስለማይወዱ እንዳይመስላችሁ። ስድቡን ችለው ቢመጡ መጸዳጃ ቤት የለም። ተጋጣሚው ማነው፣ ቀኑ የገበያ ነው ወይ፣ ቡድኑ ባለፈው ሳምንት ምን ሠራ፣ ይሄ ሁሉ ከዋጋው በፊት ይመጣል።

ደግሞ ጨዋታው ጨዋታ ሲሆን ሰው ይከፍላል። በ2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ሱዳንን ጥሎ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ሲያልፍ፣ ዓመት ቆይቶም ናይጄሪያ ስትመጣ፣ አዲስ አበባ ስታዲየም ዙሪያ ሰው ሌሊቱን ነው የተሰለፈው። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ፣ ጥላ ፎቅ፣ እንደ አቅሙ ነበር የሚገባው። የስፍራው ስም ራሱ ኪስ ይናገራል፣ ጥላ የፈለገ ይጨምራል፣ ፀሐይ የቻለ ይቀንሳል። ያኔ ተወደደ ብሎ የቀረ ብዙም አልሰማሁም።

ለክለቦቻችን ደግሞ በሩ ምናቸውም አይደለም። አብዛኞቹ የሚኖሩት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ተቋማት በጀት ነው። የተጫዋች ደመወዝ ከቲኬት አይወጣም፣ ወጥቶም አያውቅ። የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ እንኳ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጨዋታዎቹን በተመረጡ ከተሞች እያሰባሰበ ሲያካሂድ፣ ዲኤስቲቪም ስርጭቱን ሲገዛ፣ ደጋፊ ቡድኑን "ሜዳዬ" በሚለው ቦታ ማየት ትቶ በቴሌቪዥን ያየው ጀመር። ክለቡ ግን አልተዘጋም። በጀቱ መጣ። እንግዲህ ተመልካች ኖረም አልኖረም ደመወዝ የሚከፍል ክለብ በር ላይ ምን ያስጠብቃል? ቲኬት ሻጩ ራሱ መስኮቷን የሚከፍተው ለወጉ ነው። ስንት ሰው ገባ ብላችሁ ብትጠይቁ "ብዙ ነው" ይሏችኋል። የቆጠረ የለም። ያልተቆጠረ ሰው መጸዳጃ አያስፈልገው፣ ጣሪያ አያስፈልገው፣ ሲቀርም የሚናፍቀው የለም።

ስለዚህ ጀግናችን "ገንዘባችን" ሲል አልተሳሳተም ማለት ነው። ተከፍሏል። መንዝ ውስጥ የባና ሱፍ እየፈተሉ የሚኖሩ፣ ኳስ በዓይናቸው አይተው የማያውቁ እናት ጨው ሲገዙ፣ ሳሙና ሲገዙ በታክሱ በኩል ከፍለውለታል። እሳቸው ሜዳ አይመጡም። ቦታቸውን እሱ ይዞላቸዋል። ይህንንም ውለታ ልብ በሉልኝ።

አንዳንዱ ሰው ለዚህ ጉዳይ መፍትሔ አለኝ ይላል። የዓመት መታወቂያ ካርድ ይሸጥ፣ ለተማሪ ይቀነስ፣ ለትልቅ ተጋጣሚ ይጨመር፣ ጣሪያ ላለው ቦታ ሌላ ዋጋ ይውጣ፣ የገባው ሰው ቁጥር በየሳምንቱ በግልጽ ይነገር። ሌላው ዓለም እንደዚያ ነው የሚሠራው አሉ። አቦ ተዉን! በነዚህ ሁሉ መሀል "ታውቀኛለህ" የት ሊገባ ነው? የኮሚቴው የአክስት ልጅ ምን ሊሆን ነው? አንድ እሽግ ውሃ ማን ሊሸከም ነው?

ይልቅ እኔ ያሰብኩት ሌላ ነው። አዲስ አበባ "ከማን አንሼ" ካላት እኛም አንድ ስፍራ "በማን ገባህ" ብለን እንሰይም። በሩም ላይ የተገለበጠ ባጅ ይቀረጽበት። ለጀግኖቹም ሽልማት እናዘጋጅ፣ አዳራሽ እንከራይ፣ ኬክ እንቁረስ። ለአዳራሹ ኪራይ ስለሚያስፈልግ ትንሽ መግቢያ ይኖራል፣ የሚያስጨንቅ አይደለም፣ የአንድ ማኪያቶ ነው። ሐሳቡን ለጓደኞቼ ከተናገርኩበት ደቂቃ ጀምሮ ግን ስልኬ አላረፈም። ሁሉም ተሸላሚ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፣ በር ላይ የሚቆመው ማን እንደሆነ።