እንጨቱ እስኪደርቅ የታገሡ እጆች
ስለ ሟቹ አናጺ የቀረበውን የሕይወት ታሪክ በጥሞና አነበብሁት፤ ለቤተሰባቸው መጽናናትን እመኛለሁ። ጽሑፉ ስለ አባትነታቸውና ጎረቤት ስለ መርዳታቸው በሰፊው ሲያወሳ ሙያቸውን ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማለፉ ቅር አሰኝቶኛል፤ የእኒህ ሰው ደግነት ከሥራቸው ተለይቶ የሚታይ አይመስለኝምና። እንጨት የእርጥበት መጠኑ ከ30 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ በርዝመቱ ሳይሆን በአብዛኛው በወርዱ መኮማተር ስለሚጀምር፣ በደንብ ሳይደርቅ የተሠራ በር ከርክክቡ ወራት በኋላ ይጣመማል፣ መጋጠሚያውም ይላቀቃል፤ ያን ጊዜ ሠሪው ገንዘቡን ተቀብሎ ሄዷል። እንጨቱ እስኪደርቅ የሚታገሥ አናጺ ማንም የማያየውን ሐቀኝነት በየዕለቱ ይፈጽማል። አባቴም አናጺ ስለነበር (ከመላጊያው ሥር የሚወድቀውን ስስ ልጣጭ እየሰበሰብሁ ነው ያደግሁት) ይህን ትዕግሥት አውቀዋለሁ፤ ለአቅመ ደካሞች ጣሪያ በነጻ ሲጠግን የሚመርጠው እንጨት ለከፋይ ደንበኛ ከሚመርጠው አያንስም ነበር። የሟቹ ልጆች ይህን ካነበቡ፣ መጋዝ አያያዝን ከአባታቸው የተማሩትን ሰዎች ፈልገው ትዝታቸውን በጽሑፍ እንዲያሰባስቡ ከልብ እለምናቸዋለሁ።