ጀግና ቀበርን ላላችሁ የደሴ ጎረቤቶቼ

ቀብሩ አምሮ ነበር። ይህን አልክድም። ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ሰው ነቅሎ ወጣ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሬሳውን እየተቀባበለ ተሸከመ፤ ሰንደቅ ዓላማም ለበሰ። ደሴዎች ለቅሶ ላይ አትታሙም። እኔ የምወቅሳችሁ ከቀብር መልስ ላለው ነው።

የሟቹን ስም እዚህ አልጽፍም፤ ታውቁታላችሁ። እንደ ሰፈሩ አሥር አለቃ ልበላቸው።

የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ ቆማችሁ ሰምታችኋል። በ1969 የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ ከወሎ ሚሊሺያ ጋር መዝመታቸው፣ ታጠቅ ጦር ሰፈር መሠልጠናቸው፣ በሶማሊያ ጦርነት ካራማራ ላይ ጉልበታቸውን መመታታቸው፣ የካቲት 26 ቀን 1970 የተገኘው ድል፣ ሁሉም አንድ በአንድ ተነበበ። ደስ ይላል። ከዚያ አንባቢው ወረቀቱን ገለበጠና «ከዘመቻ መልስም በተለያዩ የሥራ መስኮች አገልግለዋል» አለ። በቃ። አለቀ።

ከታጠቅ እስከ ካራማራ ዓመት አይሞላም። ከዚያ ወዲህ እኛው መሀል የኖሩት ከአርባ ዓመት በላይ ነው። ለአንዲቷ ዓመት ሦስት ገጽ፣ ለአርባው አንድ መስመር! ማነው እንዲህ አድርጎ ሒሳብ ያስተማራችሁ?

እስቲ «የተለያዩ የሥራ መስኮች» የተባሉትን ልንገራችሁ። አሥር አለቃ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነበሩ። በ77ቱ ክፉ ቀን ባቲ መጠለያ ወርደው ወላጆቻቸውን የተነጠቁ ሁለት ሕፃናት ይዘው መጡ። ቤት ውስጥ ሦስት ልጆች ነበሯቸው። አምስት ልጅ በዘበኛ ደመወዝ! ሌሊቱን በር ሲጠብቁ ያድራሉ፤ ጠዋት ያንኑ የቆሰለ ጉልበት እየጎተቱ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርሳሉ። ከአምስቱ የትኞቹ ከባቲ እንደመጡ እስከ ዛሬ የማታውቁ ብዙ ናችሁ። እንዳይታወቅ ተጠንቅቀው ነው ያሳደጓቸው። ለአንዱ ጫማ ሲገዛ ለአምስቱም ይገዛል፤ ካልተቻለ ለማንም አይገዛም።

ወደ ቅሬው፣ ወደ ዕድራችን ልምጣ። የቅሬያችን ጸሐፊም ንብረት ያዥም እሳቸው ነበሩ። ድንኳን ከለቅሶ ሲነሳ ወዲያው ሲታጠፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ደሴ ጉም የማያጣት ከተማ ናት። አጥር ላይ ዘርግተውት ፀሐይ ይጠብቃሉ። ፀሐይ እንቢ ካለች ሁለት ሦስት ቀንም ይሁን ይጠብቃሉ። ስፌቱን በጣታቸው እየዳሰሱ ይሄዳሉ፤ የተተረተረ ካለ ወስፌና ሲባጎ አምጥተው እዚያው ይይዙታል። ከዚያ በኋላ ነው የሚታጠፈው። ገመዱ ለብቻ፣ ካስማው ለብቻ። ብረት ድስቶቹም የሙስሊሙ ከክርስቲያኑ እንዳይቀላቀል ጆሯቸው ላይ ቀለም ተቀብተዋል፤ የአንዱ አረንጓዴ፣ የአንዱ ሰማያዊ። ግማሹ ሙስሊም ግማሹ ክርስቲያን በሆነ ቅሬ ውስጥ ይህቺ ቀለም ስንት ኩርፊያ እንዳስቀረች እናቶችን ጠይቁ።

በእሳቸው ለቅሶ የተተከለው ድንኳን እርጥቡን ታጥፎ መጋዘን ገባ። ማን እንዳጠፈው አውቃለሁ፤ ስም አልጠራም። ለሚቀጥለው ሐዘን ሲወጣ ሻግቶ ነበር። ሽታው ለቀስተኛውን ደጅ አስወጣ። ድስቶቹም ተደበላልቀው ተገኙ፤ ሴቶቹ እስከ እኩለ ቀን ሲለዩ ዋሉ። «መቼም አንረሳዎትም» ብላችሁ የማላችሁት እናንተ አይደላችሁም እንዴ?

እናንተ ወጣቶቹ ደግሞ። የወታደር ልብስ የለበሱበትን አሮጌ ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለቃችሁ «ጀግና አይሞትም» ጻፋችሁ። ላይኩ ጎረፈ። እሳቸው በየዓመቱ ግንቦት ማለቂያ ላይ ዶማና አካፋ ይዘው የሰፈሩን ቦይ ሲጠርጉ ግን «ፋዘር፣ በርቱ!» ብላችሁ ታልፉ ነበር። ስልካችሁን እያያችሁ። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው የክረምት ውኃ ቀልድ አያውቅም። ቦዩ በፌስታልና በፕላስቲክ ጠርሙስ ከተደፈነ ጎርፉ ታች ያሉት ቤቶች ውስጥ ነው የሚገባው። ዘንድሮ ዶማውን ያነሳ አንድም ሰው አላየሁም።

የጦርነት ታሪክ ለእኛ አያንሰንም። «ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ» የተባለው የዓድዋ ክተት እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። ኅዳር 1928 ጣሊያን ደሴን በቦምብ ሲደበድብ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መትረየስ መተኮሳቸውን ሕፃን ሳይቀር ያወራዋል። ያን ቀን የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል ጭምር ተመትቷል። ታዲያ ቁስለኛውን ከፍርስራሽ ያወጡት፣ ሌሊቱን ቁስል ሲያጥቡ ያደሩት እነማን ነበሩ? ከመሀላችሁ የአንዳቸውን ስም የሚያውቅ ይነሳ። የሚተኩሰውን እናስታውሳለን፤ የሚያነሳውን እንረሳለን። ይህ ልማዳችን የቆየ ነው። በ2014 ጦርነት ደጃችን ድረስ መጥቶ ካየን በኋላ እንኳ አልተውነውም። ለልጅ ዕድሜ ልኩን መሣሪያ ያነሳ ብቻ ጀግና ነው እያላችሁ ታሳድጉትና፣ ኋላ ቅሬ ውስጥ ሥራ ስጡት ስትባሉ «ልጁ እንቢ አለ» ትላላችሁ። ምን ያድርግ? እናንተው አስተማራችሁት።

አሥር አለቃ እራሳቸው ስለ ካራማራ ሲጠየቁ መልሳቸው «ተመታሁ፣ ተነሳሁ፣ መጣሁ» ነበር። ከዚያ አያልፉም። ስለ ድንኳኑ ከጠየቃችኋቸው ግን ግማሽ ቀን ይይዟችኋል። (እኔ አንዴ ስለ ካስማ አመታት ጠይቄያቸው ምሳ አምልጦኛል።)

ሌላም አለ። ሙዚየማችን በ2014ቱ ጦርነት ሲዘረፍ አንብተናል። ተገቢ ነው። ግን የአባቱን ሜዳይ በኪሎ ለቁራሌው የሸጠ እዚሁ ሰፈር የለም? የዘመቻ ፎቶና የመታወቂያ ወረቀት ቤት ሲታደስ ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር የተቃጠለበት ቤት የለም? ያንን ዘራፊ አላደረገውም።

በሕይወት ያሉትስ? የኦጋዴን ዘማቾች በየወሩ እየቀነሱ ነው። በሃያ ዓመቱ ባድመ የዘመተው ደግሞ ገና ሃምሳ ቢሞላው ነው። ፒያሳ መኪና ሲጠብቅ፣ ሎተሪ ሲያዞር በአጠገቡ ታልፋላችሁ። ሞቶ ሰንደቅ እስኪለብስ የምትጠብቁት ለምንድን ነው? ዛሬ ቡና ጋብዙትና ጠይቁት። ስለ ጦርነቱ ብቻ አትጠይቁት፤ ከተመለሰ ወዲህ ማንን እንዳሳደገ፣ ማንን እንዳስታመመ፣ ማንን እንደቀበረ ጠይቁት። ስልካችሁ ድምፅ ይቀዳል አይደል? አንድ ቀን እንኳ ለቁም ነገር ይዋል።

አሁን ወደ አሥር አለቃ ቤት። ባለቤታቸው የተተኪ ጡረታ ለማስፈጸም ብቻቸውን ደረጃ እየወጡ እየወረዱ ነው። አንድ ቢሮ «ይህ ወረቀት ይጎድላል» ይላቸዋል፤ ሌላው «ሰኞ ይመለሱ» ይላቸዋል። ስኳር ያለባቸው ሴት ናቸው። ዳገቱንም ታውቁታላችሁ። ፎርም መሙላት የምትችሉ፣ ኮምፒውተር የምትነኩ፣ ቢሮ ውስጥ ዘመድ ያላችሁ ስንት ናችሁ? በሦስተኛው ቀን «አብሽሪ» ብላችኋቸው የሄዳችሁ፣ ከዚያ ወዲህ በራቸውን ያንኳኳ ማነው? ልጆቹ የሚችሉትን ያደርጋሉ። ግን አንዱ ኮምቦልቻ ፈረቃ ይገባል፤ ሌሎቹም ሩቅ ናቸው።

የቅሬው መዝገብም እዚያው ቤታቸው ነው። ጠንካራ ልባስ ያለው፣ ጠርዙ በፕላስተር የተያዘ ደብተር። ማን ስንት እንዳለበት፣ ማን ታሞ መዋጮ እንደተማረ፣ የትኛው ወንበር እግሩ እንደሚወላገድ፣ ሁሉም እዚያ ተጽፏል። ባለቤታቸው ተረካቢ አጥተው በፌስታል ጠቅልለው ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጠውታል። እሑድ የቅሬ ስብሰባ አለ። ከእናንተ መሀል አንድ ጎልማሳና አንድ ወጣት ይመረጡና ከስብሰባው በፊት ሄደው ፈርመው ይረከቡ። ስትሄዱ የጡረታውን ወረቀት አሳዩን በሉ፤ የጎደለውን ጽፋችሁ ያዙና ሰኞ ጠዋት አንዳችሁ አብራችኋቸው ውጡ። ድንኳኑንም ከመጋዘን አውጥታችሁ አጥሩ ላይ ዘርጉት።