በሞቴ፣ አንድ ሚሪንዳ!

ከእንግሊዝ ሰሜን ሸዋ ለዘመድ ጥየቃ የመጣ ሰው ጥርሱን ይዞ ከተመለሰ ጎበዝ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ሦስት ቤት ከገባ ሦስት ጠርሙስ ለስላሳ ጠጥቷል። መሐል ሜዳ ድረስ ከዘለቀማ ቆጠራውን ይተወዋል።

"ውሃ ይበቃኛል" ብሎ ማምለጥ የለም። አክስቴን ውሃ ብጠይቃት ፊቷ ልውጥ አለ። "ምነው ልጄ፣ በውሃ ሸኘችው ልታሰኘኝ ነው? አፈር ስሆን!" ወዲያው ልጅ ሱቅ ተላከ፣ ሚሪንዳ መጣ። የአጎቴ ልጅ ክዳኑን በመንጋጋው ነቅሎ ከፈተው። መክፈቻው እኮ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነበር!

እኔ ሳድግ ለስላሳ የሰርግና የበዓል ነገር ነበር። አሁን እንግዳ ሲመጣ ለስላሳ፣ በሽተኛ ሲጠየቅ በፌስታል ለስላሳ፣ ክርስትና ላይ በሳጥን ለስላሳ ነው። ጾም ሲሆን ደግሞ ወተቱ ገለል ይልና ለስላሳው ብቻውን ይነግሣል።

እስቲ ውስጡ ያለውን እንየው። 330 ሚሊ ሊትር የምትይዝ የኮካ ቆርቆሮ 35 ግራም ስኳር አላት። በሻይ ማንኪያ ወደ 9 ይጠጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል ይላል፤ ያውም የሻዩን ስኳርና ማሩን ደምሮ። አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳሩን በልተው አሲድ ይተፋሉ። መጠጡ ራሱም አሲድ ነው። የጥርስ የላይኛው ሽፋን፣ ኢናሜል የሚባለው፣ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል) ከ5.5 ግድም ሲወርድ መሟሟት ይጀምራል። ኮካ 2.5 አካባቢ ነው። "እኔ ስኳር የሌለውን ነው የምጠጣው" የሚለው ዲያስፖራም ከአሲዱ አላመለጠም።

ምራቅ ይሄን አሲድ እያለዘበ ሽፋኑን ይጠግናል። ግን ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ፋታ ይፈልጋል። የኛ አጠጣጥ ደግሞ ፋታ አይሰጥም። እንግዳ ጨዋ ነው፣ ግጥም አድርጎ አይጠጣም። አንዴ ፉት ይልና ያስቀምጣል። ቡናው ይቆላል፣ አቦሉ ይቀዳል፣ እንደገና ፉት። ቶናው ላይ ፉት። በረካው ሲደርስ ጠርሙሱ ሥር ገና ሁለት ጣት ቀርቷል። በእያንዳንዷ ጉንጭ አሲዱ ሥራውን ሀ ብሎ ይጀምራል። ለጥርስ ሲባል ጭልጥ አድርጎ መገላገል ይሻል ነበር፤ ግን የሰው ቤት ነውና ነውር ነው።

እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2018 በለስላሳ ላይ የስኳር ግብር ጣለች። በ100 ሚሊ ሊትር 8 ግራምና ከዚያ በላይ ስኳር ያለው መጠጥ በሊትር 24 ፔንስ ተጣለበት። ዋናው ኮካ ንቅንቅ አላለም። ብዙዎቹ ግን ግብሩን ከመክፈል ስኳሩን መቀነስ መረጡ። የእንግሊዙ ፋንታ በ100 ሚሊ ሊትር ከ5 ግራም በታች ወርዷል።

እንዲህ ስላልኩ ፈረንጁ ጥርሱን ጠበቀ ማለቴ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ከ5 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆች ሆስፒታል የሚገቡበት ቀዳሚው ምክንያት የተበላ ጥርስ ነው። ሰመመን ወስደው ይነቀልላቸዋል። የልጆች የጥርስ ሕክምና በመንግሥት ነጻ ነው፤ ቀጠሮ ማግኘቱ ግን ራሱን የቻለ ትግል ነው። የኛን አበሾችን ነገር ተዉት። ለንደን ውስጥ ልደት ተጠርታችሁ ስትሄዱ ከድፎ ዳቦው አጠገብ የሚደረደረውን ባለ ሁለት ሊትር ጠርሙስ ታውቁታላችሁ። ክብራችንን ጠቅልለን ነው የተሰደድነው።

ግብሩ ለሸዋም ይሠራል የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። እኔ አይመስለኝም። ለንደን ውስጥ ለስላሳ ጥም መቁረጫ ነው፤ ሲወደድ ሰው ሌላ ያነሳል። አክስቴ ቤት ግን ማክበሪያ ነው። ዋጋው በጨመረ ቁጥር ክብሩም ይጨምራል። ተበድራም ቢሆን ታስመጣዋለች።

ይልቅ ጓዳዋን ጠይቁ። እኔ በሌላ ቀን ገና ከመግባቴ "ጠላ የለም እንዴ?" አልኳት። ፊቷ በራ። የመንዝ ገብስ ጠላ፣ ጌሾው ልክ የሆነ፣ በጣሳ ቀርቦ ከላዩ የገብስ ቆሎ። "ፈረንጅ ሆነሃል፣ ትጸየፈዋለህ ብዬ እኮ ነው" አለችኝ። ለካ ያ ሁሉ ሚሪንዳ የተገዛው በኛው ስም ኖሯል! (ብርዝም አለ፤ እሱ ግን ማር ነውና ለጥርስ ከሚሪንዳው ብዙም አይሻልም።)

ማምለጫ ከሌለ ከምግብ ጋር ጠጡትና ጨርሱት፣ በውሃ ተጉመጥመጡ። ወዲያው ጥርስ መፋቅ ግን አይመከርም፤ ሽፋኑ በአሲድ ለስልሶ ሳለ ብሩሹ ይሸረሽረዋል። የወይራ መፋቂያ ጥሩ ነው፣ ግን ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ማታ ማታ ይጨመርበት።

ለሕፃን በጡጦ ለስላሳ መስጠት ግን ይቅር። አፉ ውስጥ እንደያዘው ያንቀላፋል፤ በእንቅልፍ ጊዜ ደግሞ ምራቅ ይቀንሳል። የፊት ጥርሶቹ ገና በሕፃንነቱ ይጠቁራሉ። "የወተት ጥርስ አይደል፣ ይወልቃል" ይሉኛል። ይወልቃል፤ ግን ሥሩ መግል ከቋጠረ ከበታቹ የሚመጣውን ጥርስም ሊያበላሸው ይችላል።