ለቦርከና ዳርቻውን እንመልስለት

ክረምት በመጣ ቁጥር ችግኝ ይዘን ተራራ እንወጣለን። ከደሴ በላይ ያለውን የጦሳ ተራራ ገደላ ገደል ያየ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል። መልካም ሥራ ነው፤ ይቀጥል። ወንዙ ዳር ግን ማን ተከለ? ቦርከና ከኩታበር አካባቢ ተነሥቶ፣ ደሴን አቋርጦ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ በየመንገዱ የሚገጥመው የላስቲክና የቆሻሻ ክምር፣ እስከ ውሃው ጠርዝ የታረሰ ማሳ፣ አለፍ ሲልም ባህር ዛፍ ነው። በዓመት አንድ ቀን ወጥቶ ፕላስቲክ መልቀም ይህን አይለውጠውም።

ዳርቻ ሲኖር ወንዙ ራሱን ያግዛል። የሾላና የዶቅማ ሥር አፈሩን ይይዛል። ፊላው ጎርፉን ያዘገየዋል፤ ጭቃው ወንዙ ሳይገባ እዚያው ይቀራል። የዛፍ ጥላ ውሃውን ያቀዘቅዘዋል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ ብዙ ኦክስጅን ይይዛል። ለበዓል የምንጎዘጉዘው ቄጤማም እንዲህ ያለ እርጥብ ቦታ ካልተረፈለት ከየት ይመጣል?

ወንዝ መታመሙን ለማወቅ የግድ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ከከተማ በላይ፣ ውሃው ጥልቀት በሌለው ቦታ ድንጋይ አንሥታችሁ ገልብጡ። ጅረቱ ንጹሕ ከሆነ ከሥሩ ጠፍጣፋ፣ እንደ ክር የቀጠኑ ጭራዎች ያሏት ትንሽ ነፍሳት ተለጥፋ ታገኛላችሁ። ኦክስጅን ሲያጥር ቶሎ ከሚጠፉት አንዷ እሷ ናት። በምትኩ ጭቃው ውስጥ ቀይ ቀጫጭን ትል ይርመሰመሳል። ቅላቱ ከደሙ ነው። እንደ እኛ ደም ኦክስጅን አጥብቆ ስለሚይዝለት ሌላው በሚታፈንበት ውሃ እሱ ይኖራል። ከፋብሪካ ፍሳሽ በታች ግን ባዶ እጃችሁን እንዳትነክሩ አደራ።

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ቆዳው፣ ብረታ ብረቱ አለ፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። ስንት ቤት በዚህ እንደሚተዳደር ስለምናውቅ ይዘጉ አንልም። ነገር ግን ለዮሌና ወርቃ የሚባሉት ትናንሽ ወንዞች የፋብሪካ ፍሳሽ ተሸክመው ቦርከና ይገባሉ። ክሮሚየምን የመሰሉ ከባድ ብረቶች እንደተገኙባቸውም በጥናት ታትሟል። የቢራ ጠመቃ ወይም የሽንት ቤት ፍሳሽን ባክቴሪያ ጊዜ ወስዶ ይበላዋል። ክሮሚየም ግን አይበሰብስም። ደለሉ ውስጥ ይቀመጥና ጎርፍ ሲመጣ ተነሥቶ ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ፍሳሹ ከምንጩ ይጣራ፤ ችግኙ ከዚያ ይከተላል።

ሕግ የለም አይባልም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው፣ በግሌ ተጎዳሁ ማለት ሳያስፈልገው፣ በበካዩ ላይ አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ይህን መብት ስንቶቻችን እናውቀዋለን?

ዳርቻውን መመለስ ማለት ከወንዙ ግራና ቀኝ ጥቂት ሜትር ለወንዙ መተው ነው። እዚያ አይታረስ፣ ባህር ዛፍ አይተከል። ከብት የሚጠጣበት በር ተለይቶ ይሰጠው። ገበሬው ግን መሬቱን በባዶ እጁ ልቀቅ መባል የለበትም። ወሎ ተራራውን ሲከልል ከብት ከልክሎ ሣሩን አጭዶ መውሰድን ለምዷል፤ ወንዝ ዳርም ሣሩ የእሱ ይሁን። እንዲያ ከሆነ ጠባቂውም እሱ ይሆናል።

ከኮምቦልቻ በታች ደግሞ ጨፋ አለ። በበጋ ሣር ሲጠፋ የኦሮሞው፣ የአርጎባውና የአፋሩ አርብቶ አደር ከብቱን ነድቶ የሚመጣበት ሰፊ ረግረግ ነው። ቦርከና እሱን አልፎ ነው አዋሽ የሚገባው። የኛን ፍሳሽ የሚጠጣው የእነሱ ከብት ነው። ስለ ወንዙ ሲመከር ግን እነሱን የሚጠራ የለም። ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው፦ እያንዳንዱ ፋብሪካ ወደ ወንዙ የሚለቀው ውሃ በየጊዜው ይመርመር፣ ውጤቱም ማንም በሚያነበው አማርኛና ኦሮምኛ፣ ኮምቦልቻም፣ በጨፋ በኩል ባለችው ከሚሴም በየቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።