የዝዋይ ወይን በቦርዶ የቀን መቁጠሪያ አይሸፈንም

በወይን መስመሮች መካከል የሽፋን ሰብል፣ ማለትም ለምርት ሳይሆን አፈሩን ለመሸፈንና ለማዳበር የሚዘራ ሰብል፣ ይዘራ የሚለው ምክር ትክክል ነው። ችግሩ ከነቀን መቁጠሪያው ከፈረንሳይ መገልበጡ ላይ ነው። በፈረንሳይ የወይን አገር ቦርዶ ላይ ሰብሉ የሚያድገው ወይኑ ቅጠሉን አራግፎ በብርድ ተኝቶ ሳለ ነው፤ በውሃ አይሻሙም። በዝዋይ ግን ክረምት ማለት ዝናብ ነው። ወይኑም እንደዚያ አይተኛም፤ ሲገረዝ ያቆጠቁጣል። ስለዚህ እዚህ ከመዝሪያው ቀን ይልቅ የማጨጃው ቀን ይበልጥ ያሳስባል።

ለአሸዋማው አፈር አጃና ቬች (እንደ አተር ያለ የመኖ ጥራጥሬ) ቀላቅሎ መዝራት ጥሩ ምርጫ ነው። አጃው ለቬቹ መደገፊያ ይሆናል፣ ቬቹ ደግሞ ናይትሮጅን ያመጣል። አጃ ብቻውን ከተዘራ ገለባው ሲበሰብስ የአፈሩን ናይትሮጅን ለጊዜው ይይዛል፤ ወይኑም ቢጫ ይሆናል። ቬች ከበዛ ደግሞ ወይኑ ቅጠል በቅጠል ይሆንና ዘለላው አየር አጥቶ ይሻግታል።

መጠኑ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ለሙሉ ሄክታር 75 ኪሎ አጃና 25 ኪሎ ቬች ቢታሰብ፣ መስመሮቹ በ2.5 ሜትር ከተራራቁና ከግንዱ በግራና በቀኝ ግማሽ ግማሽ ሜትር ከተተወ የሚዘራው 60 በመቶው ብቻ ነው። አንድ መስመር እየዘለሉ ከሆነ ወደ 30 በመቶ ይወርዳል፦ 22.5 ኪሎ አጃ፣ 7.5 ኪሎ ቬች። ሦስት ዓመት ላልሞላው ወይን መዝለሉ ግዴታ ነው፤ ሥሩ ገና ፉክክር አይችልም።

ዝናቡ ሳያቋርጥ መዝነብ ሲጀምር፣ በሐምሌ መጀመሪያ፣ ከ2 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይዘራ። ቬቹ ሲያብብ ይታጨድ፤ አጃው ፍሬ ከያዘ የሚቀጥለው ዓመት አረም ይሆናል። ዝናቡ ቀድሞ ከወጣ ግን አበባ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ቆሞ ያለ ሰብል ውሃ ይጠጣል፣ የተኛ ገለባ ግን ውሃ ይቆጥባል። ለመስኖ ከሐይቁ በሚቀዳበት አገር ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም። ገለባው ግንዱ ሥር ከተከመረ ግን አይጥ ይሸሸግበታልና ከግንዱ ይራቅ።

መኖ ነው ብሎ ሙሉውን አጭዶ መውሰድ ንጥረ ነገሩንም አብሮ መውሰድ ነው። በጎችን እዚያው ማሰማራት ደግሞ የባሰ ነው፤ ወይኑ ላይ የመዳብ ፀረ ሻጋታ ከተረጨ ሣሩ ላይም ያርፋል፣ በግም መዳብ አይችልም።